የናል ፍተሻ ድራይቨርን መቼ ያድናል፣ መቼስ አያድንም

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024) በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ ክራውድስትራይክ የተባለው የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ «ቻናል ፋይል 291» የሚባለውን ማሻሻያ ለደንበኞቹ ለቀቀ። ኩባንያው ማሻሻያውን ከ78 ደቂቃ በኋላ ቢሰርዘውም፣ በዚህ አጭር ጊዜ ፋይሉን የተቀበሉት የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች በሰማያዊ ስክሪን ቆሙ፤ ዳግም ሲነሡም ያንኑ ፋይል እያነበቡ መልሰው ወደቁ። ማይክሮሶፍት የተጎዱትን ማሽኖች 8.5 ሚሊዮን ያህል ገምቷቸዋል። አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ አስተላለፉ፣ የባንክና የቴሌቪዥን አገልግሎቶችም ተቋረጡ።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በማኅበራዊ ሚዲያ በስፋት የተሰራጨው ማብራሪያ አጭር ነበር፤ ጥፋቱ ተራ የናል ፖይንተር (የትም የማያመለክት ባዶ የሜሞሪ አድራሻ) ስሕተት ነው፣ ፕሮግራመሩ ፖይንተሩ ባዶ አለመሆኑን አስቀድሞ ቢፈትሽ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር የሚል። ማይክሮሶፍት ከቀናት በኋላ ያወጣው ትንታኔ ግን ማብራሪያውን አፈረሰው። ማሽኑን ከጣለው ትእዛዝ ቀደም ብሎ የናል ፍተሻ በቦታው ነበር። የኩባንያው ድራይቨር (በሥርዓተ ክወናው ውስጥ ገብቶ የሚሠራው ፕሮግራም) 20 ግብአቶችን ከያዘ ዝርዝር ውስጥ 21ኛውን ለማንበብ ሞክሮ፣ ከዝርዝሩ ድንበር ውጭ ያገኘውን ቁጥር እንደ አድራሻ ወሰደው፤ ቁጥሩ ዜሮ ስላልነበረ ፍተሻውን ያለምንም ችግር አለፈ፣ ትክክለኛ አድራሻ ስላልነበረ ደግሞ ሥርዓቱን ጣለ። ፍተሻው «ይህ ፖይንተር ዜሮ ነውን?» ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ሰጥቷል፤ ሊጠየቅ የሚገባው ግን «ስንት ግብአት ቀረበልኝ፣ ስንትስ እጠብቃለሁ?» የሚለው ነበር።

ይህ አጋጣሚ በድራይቨር ሥራ ውስጥ የቆየን አንድ አስተሳሰብ ያጋልጣል። የናል ፍተሻን በየመስመሩ መደርደር እንደ ጥንቃቄ ይቆጠራል፤ ነገር ግን ፍተሻው የሚጠቅመው ፖይንተሩ በየትኛው መንገድና በየትኛው ጊዜ ባዶ ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ለወሰነ ኮድ ብቻ ነው። ይህ ውሳኔ በሌለበት ቦታ ፍተሻው ወይ ዘግይቶ ይመጣል፣ ወይ የተሳሳተውን ነገር ይፈትሻል፣ ወይም ስሕተቱን ደብቆ ወደ ሌላ ቦታ ያሸጋግረዋል።

ፖይንተር የሌላ መረጃን የሜሞሪ አድራሻ የሚይዝ ተለዋዋጭ ነው፤ ናል ሲሆን ደግሞ «የትም አያመለክትም» ማለት ሲሆን፣ ዛሬ በምንጠቀምባቸው ማሽኖች ላይ የሚወከለው በዜሮ ነው። በተራ ፕሮግራም ውስጥ ናል ፖይንተርን ተከትሎ ለማንበብ የሚደረግ ሙከራ ያንን ፕሮግራም ብቻ ይዘጋል። ድራይቨር ግን የሚሠራው በከርነሉ (በሥርዓተ ክወናው እምብርት) ውስጥ፣ ከከርነሉ ጋር አንድ የሜሞሪ ክልል ተጋርቶ ስለሆነ፣ ከበላዩ ሆኖ የሚይዘው የለም። ዊንዶውስ እንዲህ ያለ ሁኔታ ሲገጥመው መላውን ሥርዓት ያቆማል። ሊነክስ በነባሪ መቼቱ «ኡፕስ» የሚባለውን መልእክት ጽፎ፣ በዚያ ቅጽበት ሲሠራ የነበረውን ሂደት ገድሎ ለመቀጠል ይሞክራል፤ ጥፋቱ በኢንተራፕት (ሃርድዌሩ ፕሮሰሰሩን አቋርጦ በሚያስነሣው ሥራ) ውስጥ ከደረሰ ወይም አስተዳዳሪው እንዲህ እንዲሆን ካዘዘ ግን እሱም ሙሉ በሙሉ ይቆማል። መልእክቱ ውስጥ የሚታየው አድራሻ ብዙውን ጊዜ ዜሮ ራሱ ሳይሆን እንደ 28 ያለ ትንሽ ቁጥር መሆኑ ጀማሪዎችን ግራ ያጋባል። ቁጥሩ ኮዱ ሊደርስበት የፈለገው መስክ ከስትራክቱ (ተያያዥ መረጃዎች በአንድነት ከሚቀመጡበት ጥቅል) መነሻ ያለውን ርቀት የሚያሳይ በመሆኑ፣ የስትራክቱን አቀማመጥ የሚያውቅ ሰው የትኛው መስክ እንደተፈለገ ከዚያች ቁጥር ብቻ ሊገምት ይችላል።

ችግሩ በድራይቨሮች ላይ ለምን እንደሚበረታ ለመረዳት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጡትን ጥናት ማስታወስ ይጠቅማል። በጥናቱ መሠረት በሊነክስ ከርነል ውስጥ በድራይቨሮች ላይ የተገኘው የስሕተት መጠን ከተቀረው ኮድ ከሦስት እስከ ሰባት እጥፍ ይበልጥ ነበር። ምክንያቱ የጸሐፊዎቹ ስንፍና አይመስለኝም። የከርነሉን ማእከላዊ ክፍል በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በየዕለቱ ሲያሠሩት፣ የአንድን ብርቅዬ መሣሪያ ድራይቨር የሚሞክሩት መሣሪያው ያላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ እነርሱም የሚሞክሩት ሁሉ ነገር ሲሳካ የሚሄደውን መንገድ ነው። ናል የሚመጣው ደግሞ ባልተሳካው መንገድ ነው።

ዘግይቶ የሚመጣ ፍተሻ ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል ከሁሉ በላይ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2009 በሊነክስ 2.6.30 ውስጥ የተገኘው የ«ቱን» ድራይቨር ጉድለት ነው። ቱን ቪፒኤንን ለመሳሰሉ አገልግሎቶች የሚውል፣ በሶፍትዌር ብቻ ያለ የኔትወርክ መሣሪያ ድራይቨር ነው። በዚህ ድራይቨር ውስጥ ያለ አንድ ፈንክሽን በመጀመሪያው መስመሩ ከመሣሪያው ስትራክት ውስጥ የሶኬቱን (የኔትወርክ ግንኙነቱን የሚወክለውን መረጃ) ፖይንተር ይወስዳል፤ ቀጥሎ ባለው መስመር የመሣሪያው ፖይንተር ናል ከሆነ ስሕተት መልሶ ይወጣል። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ውጤቱ ተራ ክራሽ በሆነ ነበር። ነገር ግን ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር (ምንጭ ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም) ሁለቱን መስመሮች አይቶ በሲ ቋንቋ ሕግ መሠረት የራሱን ድምዳሜ ደረሰ። በቋንቋው ደንብ ናል ፖይንተርን ተከትሎ መሄድ ትርጉሙ ያልተወሰነ ድርጊት ነው፤ ፕሮግራመሩ ፖይንተሩን በመጀመሪያው መስመር ስለተጠቀመበት ፖይንተሩ ናል ሊሆን አይችልም፤ ናል ሊሆን ካልቻለ ደግሞ ሁለተኛው መስመር ላይ ያለው ፍተሻ ከንቱ ነው። በዚህ ስሌት ፍተሻውን ከነአካቴው ሰረዘው። በምንጭ ኮዱ ውስጥ ለማንኛውም አንባቢ የሚታየው ጥበቃ በማሽኑ ላይ በሚሠራው ኮድ ውስጥ አልነበረም።

የቀረውን ጥቃት አድራሹ ጨረሰው። በዚያን ጊዜ ተራ ተጠቃሚ የሜሞሪውን ዜሮኛ ገጽ (ከዜሮ አድራሻ የሚጀምረውን ክፍል) ለራሱ ፕሮግራም ማስያዝ የሚችልባቸው ሥርዓቶች ነበሩ። ከርነሉ በዜሮ አድራሻ ላይ የመሣሪያ ስትራክት አለ ብሎ ሲያነብ፣ ተጠቃሚው በዚያ ቦታ አስቀድሞ ያስቀመጠውን የሐሰት ስትራክት ያገኛል፤ አይወድቅም፣ ይልቁንም የጥቃት አድራሹን መረጃ አምኖ ሥራውን ይቀጥላል። የደኅንነት ተመራማሪው ብራድ ስፔንግለር በሐምሌ ወር ይህንኑ መንገድ ተከትሎ የከርነሉን ሙሉ ሥልጣን የሚያስገኝ ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ጉድለቱ ሲቪኢ በሚባለው የታወቁ የደኅንነት ጉድለቶች መዝገብ ሲቪኢ-2009-1897 ተብሎ ተመዘገበ። ዝቅተኛ አድራሻዎችን ተራ ፕሮግራም እንዳይዝ የሚከለክል መቼት ከ2.6.23 ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ የነበረ ቢሆንም፣ የደኅንነት ማጠናከሪያ ነው የሚባለው ኤስኢሊነክስ በተጫነባቸው አንዳንድ ሥርዓቶች ላይ ክልከላው በፖሊሲው ምክንያት ይታለፍ ነበር። ይህ ከታሪኩ ሁሉ የሚያስገርመው ክፍል ነው።

እርማቱ ሁለት ነበር። አንደኛው ፍተሻውን ከአጠቃቀሙ በፊት ማምጣት ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ከርነሉ ሲገነባ ኮምፓይለሩ የናል ፍተሻዎችን በራሱ ግምት እንዳይሰርዝ የሚያዝ መቼት መጨመር ነው፤ ይህ መቼት እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ነው። ወር ሳይሞላ የደኅንነት ተመራማሪዎቹ ታቪስ ኦርማንዲና ጁሊየን ቲንስ ከዚያ የባሰ ጉድለት ይፋ አደረጉ፦ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ የቆየ፣ ባዶ የፈንክሽን ፖይንተር የሚያስጠራ። ከዚያ በኋላ መከላከያው ወደ ታች ወረደ። ዊንዶውስ 8 የዜሮ ገጽን ማስያዝ ከለከለ፤ ኢንቴል ከርነሉ የተጠቃሚን ኮድ እንዳያስኬድ የሚያግደውን ስሜፕን፣ የተጠቃሚን መረጃም ያለፈቃድ እንዳያነብ የሚያግደውን ስማፕን በፕሮሰሰሮቹ ውስጥ አስገባ። የናል ፖይንተር ጉድለት ዛሬ ባብዛኛው «ማሽኑን ይጥላል እንጂ አያስወስድም» የሚባለው በእነዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ድራይቨር ጸሐፊው ጠረጴዛ ስንመለስ፣ ናል ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለውም። ብዙ መማሪያዎች የሚጀምሩት ከሜሞሪ ጥያቄ ነው፦ ከርነሉን ሜሞሪ ስጠኝ ትለዋለህ፣ ከሌለው ናል ይመልሳል፣ ስለዚህ ፈትሽ። ምክሩ ትክክል ነው፤ ሆኖም በተግባር ሊነክስ መተኛት (ሜሞሪ እስኪገኝ ቆሞ መጠበቅ) ለሚችል ኮድ የሚቀርቡ ትንንሽ የሜሞሪ ጥያቄዎችን የሚከለክልበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ከፍተሻው ጀርባ የተጻፈው የማጽጃ ኮድ ለዓመታት አንድ ጊዜም ሳይሠራ ይቆያል። ያልተሠራ ኮድ ያልተሞከረ ኮድ ነው። ፍተሻው አለ፣ ነገር ግን ከፍተሻው በኋላ የሚሄደው መንገድ ገና ያልተመዘገበን ኢንተራፕት ሊሰርዝ ወይም ገና ያልተሞላን ዝርዝር ሊያጸዳ ይሞክርና እዚያው ይወድቃል። ከርነሉ ሜሞሪ እንደሌለ አስመስሎ ሆን ብሎ ናል የሚመልስበት የመሞከሪያ መሣሪያ ያለው ለዚህ ነው፤ በዊንዶውስም «ድራይቨር ቬሪፋየር» የተባለው መሣሪያ የሀብት እጥረትን በማስመሰል ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። በእኔ ግምት አንድ ድራይቨር በዚህ ዓይነት ፈተና ካላለፈ ውስጡ ያሉት የናል ፍተሻዎች ጌጥ ናቸው።

ሁለተኛው ምንጭ ይበልጥ ረቂቅ ነው። በሊነክስ ውስጥ ሁሉም ፈንክሽን ሳይሳካለት ሲቀር ናል አይመልስም። ብዙዎቹ የስሕተቱን ቁጥር ራሱን ፖይንተር አስመስለው፣ ከአድራሻው ክልል ጫፍ ካሉት 4095 ዋጋዎች በአንዱ ይመልሱታል። ይህን ዋጋ ናል ነውን ብሎ የፈተነ ኮድ «አይደለም» የሚል መልስ አግኝቶ ይቀጥላል፣ ቀጥሎም ይወድቃል። ተቃራኒውም አለ፦ ናል ብቻ የሚመልስን ፈንክሽን የስሕተት ቁጥር ነውን ብሎ መፈተን ናሉን ያሳልፈዋል። ጥርጣሬ የገባው ፕሮግራመር ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚፈትነውን ማክሮ ይጠቀምና፣ ካልተሳካ ከፖይንተሩ የወጣውን የስሕተት ቁጥር ይመልሳል። ፖይንተሩ ናል ከሆነ ግን ከእሱ የሚወጣው ቁጥር ዜሮ ነው፤ ዜሮ ደግሞ በከርነሉ ቋንቋ «ተሳክቷል» ማለት ነው። በዚህም መሣሪያው ሳይዘጋጅ ተዘጋጅቷል ተብሎ ይመዘገባል፣ ክራሹም ከሰዓታት በኋላ መሣሪያውን ሊከፍት በሞከረ ንጹሕ ፕሮግራም ላይ ይወርዳል። ሁለቱንም መፈተሽ ጠንቃቃነት ቢመስልም፣ እዚህ ላይ የሚያሳየው ጸሐፊው የሚጠራውን ፈንክሽን ውል አለማንበቡን ነው። በሌላ በኩል ናል ስሕተት ያልሆነበት ውልም አለ፤ አማራጭ የሆነን የጂፒአይኦ እግር (በሶፍትዌር የሚታዘዝ የቦርድ መገናኛ) የሚጠይቀው ፈንክሽን ናል ሲመልስ «ይህ ቦርድ እግሩ የለውም፣ ሥራህን ቀጥል» ማለቱ ነው፤ የሚከተሉት ፈንክሽኖችም ናሉን ተቀብለው በዝምታ ያልፉታል።

ሦስተኛው ምንጭ ጊዜ ነው፤ ፍተሻ ከሁሉ በላይ የሚሸነፈውም በዚህ ነው። መሣሪያው ሲገኝ የሚጠራው ፈንክሽን ኢንተራፕቱን አስቀድሞ አስመዝግቦ የራሱን ስትራክት በኋላ ከሞላ፣ በመካከሉ የሚመጣ ኢንተራፕት ባዶ ስትራክት ያገኛል። በሚለቀቅበት ጊዜም እንዲሁ ነው። ከርነሉ በራሱ እንዲያጸዳቸው የተተዉ ሀብቶች የሚለቀቁት የድራይቨሩ የመሰናበቻ ፈንክሽን ከተመለሰ በኋላ ስለሆነ፣ ጸሐፊው በእጁ ያጸዳውን መረጃ ገና ያልተሰረዘው ኢንተራፕት መጥቶ ሊነካው ይችላል። በጋራ ጥቅም ላይ ያለ ኢንተራፕት ሲሰረዝ ሆን ብሎ ሐሰተኛ ኢንተራፕት የሚልክ የከርነል መቼት አለ፤ ዓላማው ይህን ቀዳዳ በልማት ላይ ሳለ ማጋለጥ ነው። የዩኤስቢ መሣሪያ ደግሞ ተጠቃሚው በፈለገበት ቅጽበት ይነቀላል። አንደኛው ፕሮሰሰር ፖይንተሩን ፈትሾ «አለ» ካለ በኋላ፣ ከመጠቀሙ በፊት ሌላኛው ፕሮሰሰር የመነቀሉን ማስታወቂያ ተቀብሎ ፖይንተሩን ናል ሊያደርገው ይችላል። እዚህ ላይ ሁለተኛ ፍተሻ መጨመር ክፍተቱን ያጠበዋል እንጂ አይዘጋውም። የሚዘጋው በቁልፍ (አንዱ እስኪጨርስ ሌላውን በሚያስጠብቅ መቆለፊያ)፣ ወይም ተጠቃሚ እስካለው ድረስ ስትራክቱ እንዳይለቀቅ በሚያደርግ የማጣቀሻ ቆጠራ ነው።

የውጭ መሣሪያን ቃል ማመንም ራሱን የቻለ ምንጭ ነው። ዩኤስቢ መሣሪያ ሲሰካ ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሆነና ስንት የመገናኛ ነጥብ እንዳለው በራሱ አንደበት ይናገራል። የፓልም የእጅ ኮምፒውተሮችን የሚያስተናግደው የ«ቪዞር» ድራይቨር እውነተኛ መሣሪያ የመግቢያ ነጥቦች አያጣም በሚል እሳቤ ተጽፎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ነጥቦቹን የማያውጅ ሐሰተኛ መሣሪያ በመሰካት ብቻ ከርነሉን በናል ፖይንተር መጣል እንደሚቻል ታወቀ። በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ጉድለት በሌሎች የዩኤስቢ ድራይቨሮችም ተገኘ። እዚህ ግን የተወሰደው መፍትሔ የሚመሰገን ነው። በየድራይቨሩ ፍተሻ ከመጨመር ባሻገር፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የሚፈለጉትን ነጥቦች በአንድ ጥሪ ፈልጎ አንዱ ቢጎድል መሣሪያውን ገና በር ላይ የሚመልስ የጋራ ፈንክሽን በከርነሉ ውስጥ ተጨመረ። ከበሩ ወዲህ ያለው ኮድ ነጥቦቹ መኖራቸውን ሳይጠራጠር ይሠራል።

ጉዳዩን ወቅታዊ የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ። የሊነክስ ከርነል ቡድን ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ የሲቪኢ ቁጥሮችን ራሱ የመስጠት ሥልጣን አገኘ፤ ለደኅንነት ሊጠቅም ይችላል ለሚባል እርማት ሁሉ ቁጥር ስለሚሰጥም፣ በየዓመቱ የሚወጡት ቁጥሮች በሺዎች ይቆጠራሉ። ከእነዚህ ውስጥ የድራይቨር ናል ፖይንተር እርማቶች በብዛት ይገኛሉ። የኩባንያ ደኅንነት ሠራተኞች «ሜሞሪ ፈጽሞ ካለቀና ይህ ብርቅዬ ካርድ ካለህ» የሚለውን ጉድለት ከእውነተኛ አደጋ ለመለየት ይቸገራሉ፤ ቅሬታቸው ተገቢ ነው። የባሰው ግን በዚሁ ግፊት የኮድ ተንታኝ ፕሮግራም «እዚህ ናል ሊሆን ይችላል» ባለው ቦታ ሁሉ ፍተሻ የሚጨምሩ ማስተካከያዎች መብዛታቸው ነው። ልምድ ያላቸው የከርነል ኃላፊዎች ለእንዲህ ያለ ማስተካከያ የሚያነሡት ጥያቄ «ይህ በእርግጥ ሊደርስ ይችላልን? በየትኛው መንገድ?» የሚል ነው። ፖይንተሩ በውሉ መሠረት ፈጽሞ ናል ሊሆን የማይችል ከሆነ፣ በዝምታ የሚመለስ ፍተሻ ሌላ ቦታ ያለን ጉድለት ይሸፍናል፤ ክራሹ ቢደርስ ኖሮ በአንድ ቀን ይገኝ የነበረው ጉድለት መረጃ እየጠፋ ወራት ይቆያል።

እርግጥ ክራሽን አቅልሎ ማየትም አይገባም። የጎግል ፕሮጀክት ዜሮ ቡድን በጃንዋሪ 2023 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሊነክስ ከኡፕስ በኋላ ለመቀጠል መሞከሩ ራሱ ቀዳዳ መሆኑን አሳይቷል። ሂደቱ በድንገት ሲገደል የያዛቸውን ማጣቀሻዎች ሳይመልስ ይቀራል፤ ተመሳሳዩን ኡፕስ ደጋግሞ በማስነሣት ቆጣሪውን ከልኩ አሳልፎ ወደ ዜሮ መመለስ ይቻላል፣ በዚህም ገና በጥቅም ላይ ያለ ስትራክት እንደተተወ ተቆጥሮ ይለቀቃል። በዚህ ምክንያት ከርነሉ 10,000 ኡፕስ ሲሞላ እንዲቆም የሚያደርግ ገደብ ተጨመረለት።

ውሉን ለሰው ንቃት ከመተው በኮምፓይለሩ ማስከበር ይቻላልን የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። በከርነሉ ውስጥ ከቆዩት ምሳሌዎች አንዱ ትንንሽ ፕሮግራሞችን በከርነሉ ውስጥ የሚያስኬደው ኢቢፒኤፍ ነው። አንድ የኢቢፒኤፍ ፕሮግራም ከሠንጠረዥ ውስጥ ዋጋ ፈልጎ ያገኘውን ፖይንተር ሳይፈትሽ ሊጠቀም ቢሞክር፣ አረጋጋጩ ፕሮግራሙን ገና ሳይጫን ይመልሰዋል። ከሊነክስ 6.1 ጀምሮ የገባው የፕሮግራም ቋንቋ ረስትም ይህንኑ ወደ ድራይቨሮች ያመጣል፤ ባዶ ሊሆን የሚችል ነገር ዓይነቱ የተለየ ስለሆነ፣ ባዶ የሚሆንበትን ሁኔታ ያላስተናገደ ኮድ አይገነባም፤ የስሕተት ቁጥርና ናል የሚምታቱበት መንገድም ይዘጋል። ይሁን እንጂ ረስት ከሃርድዌሩና ከሲ ኮድ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ «አንሴፍ» ተብለው የተለዩ፣ የኮምፓይለሩ ዋስትና የማይደርስባቸው መስመሮች አሉት። በዲሴምበር 2025 በከርነሉ የረስት ኮድ ላይ የመጀመሪያው ሲቪኢ የተመዘገበው ፕሮግራሞችን እርስ በርስ በሚያገናኘው በአንድሮይዱ የባይንደር ድራይቨር ውስጥ በእንዲህ ያለ መስመር ላይ በተገኘ የጊዜ ሽሚያ ነው፤ ሁለት ወገኖች የአንድን ዝርዝር ፖይንተሮች በአንድ ጊዜ ነክተው ያበላሿቸዋል፣ ውጤቱም ክራሽ ነው። እንዲህ ያለውን ጉድለት የሚፈልግ ሰው ግን ምርመራውን አንሴፍ ተብለው ከተከለሉት መስመሮች፣ ከእያንዳንዱ በላይም ይህ ለምን ትክክል እንደሆነ ከሚያስረዳው ማስታወሻ መጀመር ይችላል። በሲ የተጻፉት በሺዎች የሚቆጠሩ ነባር ድራይቨሮች እንዲህ ያለ ክልልም ማስታወሻም የላቸውም፤ አብዛኞቹም በቅርብ ዓመታት ዳግም የሚጻፉ አይደሉም።